የጠመንጃ ያዥ ድንኳን

ሦስቱ ሰዎች ከተክለ ሃይማኖት ዙሪያ ወደ ጨርቅ ሱቆቹ ሲታጠፉ ናዝሬት የታጠበችበትን ውሃ ደጅ ልትደፋ ወጥታ ነበር። ከፊት ያሉትን ገና ከሩቅ በአረማመዳቸው ለየቻቸው፤ መቶ አለቃ ዓባይነህ ናቸው፣ የጠመንጃ ያዥ መንደር እድር ዳኛ። ከቀድሞው ጦር ከተሰናበቱ ስንት ዘመናቸው! ዛሬም ግን ፊት ፊታቸው ማርሽ እንደሚመታላቸው ሆነው ነው የሚራመዱት። ከእሳቸው ቀጥሎ በእድሩ የሴቶቹ ሁሉ አዛዥ እትዬ ታየች፣ ከእትዬ ታየች ኋላ ደግሞ ጡሩንባ ነፊው ነጋ አንገቱን ደፍቶ ይከተላል።

መጀመሪያ ደስ አላት። የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ባሏን በሱፍቃድን በከሰሰችበት ጉዳይ፣ ልደታ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበራት፣ ምስክሮቿን የምታሰማበት የመጨረሻ ቀጠሮ። ምስክር ብላ ያስጠራቻቸውም እነዚሁኑ መቶ አለቃውንና እትዬ ታየችን ነበር። መጥሪያው ሲደርሳቸው «እኛ በባልና ሚስት መሃል አንገባም» ብለው ፊት ነስተዋታል። አሁን በማለዳ ተነሥተው ሲመጡ ብታይ፣ እግዜር ልባቸውን አራራልኝ ብላ አሰበች።

ደስታዋ እስኪጠጉ እንኳ አልቆየም። እትዬ ታየች ከካፖርታቸው ሥር ጥቁር ለብሰዋል፤ ነጠላቸውንም አዘቅዝቀዋል። መቶ አለቃው ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል። ነጋ፣ ያ ሰው ባየ ቁጥር ሳይቀልድ የማያልፈው ነጋ፣ ዓይኗን ሸሽቶ የሱቁን ቆርቆሮ ያያል።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር ለአዲስ አበባ ልጅ ማንም አያስተምራትም። ማንም አፍ አውጥቶ ሞቱብሽ አይልም። በማለዳ ይመጣሉ፣ ለጉዳይ ትፈለጊያለሽ ይላሉ፣ አጅበው እስከ ቤትሽ ይወስዱሻል። አንቺም ከሁሉም ፊት ላይ አንብበሽ ጨርሰሽ ሳለ እስከ ደጃፍሽ ድረስ ምንም እንዳልገባሽ ሆነሽ ትሄጃለሽ። ሥርዓት ነው።

«ደህና አደርሽ፣ ናዝሬትዬ» አሉ እትዬ ታየች። ናዝሬትዬ ብለዋት አያውቁም። «አንዴ ለጉዳይ ትፈለጊያለሽ፤ ልበሺና እንሂድ።»

«ወዴት፣ እትዬ?»

«ወደ ቤትሽ ነዋ።»

«እዚያ በሱፍቃድ አለ። የት እንዳለሁ ለማንም እንዳይነግሩብኝ ለምኜዎት አልነበር?»

«ዛሬ የበሱፍቃድ ነገር አይነሣም» አሉ መቶ አለቃው መሬት መሬቱን እያዩ። «ዛሬ ቂም የሚያዝበት ቀን አይደለም።»

ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። «እማዬ ናት?»

ነጋ አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። ይኸው ነበር መልሱ።

ኡሙልኸይር ሻሿን እያሰረች ከጓዳ ወጣች። የሱቁ ባለቤት ናት፤ ናዝሬት ትሰፋላት ነበር፤ በሱፍቃድ ያባረራት ሌሊትም ምንም ሳትጠይቅ ከጨርቁ ጥቅል መሃል ፍራሽ አንጥፋ ያስጠለለቻት እሷ ናት። የመጡትን አየች፣ ናዝሬትን አየች፣ ክንዷን ያዘቻት።

«ናዚ፣ ቆይ። መጀመሪያ ወሊሶ እንደውል። ያ የእናትሽ ጎረቤት፣ ኢታና፣ ስልክ አለው አይደል?»

«ሱቁን ገና አይከፍትም።»

«እስኪከፍት እንጠብቃ! ቀጠሮሽስ? ዛሬ ካልቀረብሽ መዝገቡ ይዘጋል አላለችሽም ጠበቃዋ?»

«እናቴ ሞታ ምን ቀጠሮ አለኝ፣ ኡሚ!»

ስህተት ከተባለ ስህተቷ ይህ ነበር። የትኛዋ ልጅ ሌላ መልስ ትመልስ እንደነበር ግን የሚናገር ይናገር።

ሁለት ሺህ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር። በዚያ ወር የልደታ ዙሪያ ግማሹ መንደር፣ ግማሹ ፍርስራሽ ነበር። ሰማያዊና ነጩ ታክሲ ከሰንጋ ተራ በታች ሲያወርዳቸው አቧራው ገና አልተነሣም፤ ትናንት የፈረሱት ቤቶች በር በሩ ብቻ ቆሞ ቀርቷል። ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም የተቀባበት ሁሉ ተራውን ይጠብቃል። የቀበሌ ቤት የነበረው ሰው በምትኩ ኮንዶሚኒየም ይደርሰዋል ተብሎ ስለነበር፣ ሰዉ የሚፈርስ ቤቱን እንደ ሙሽራ ነበር የሚጠብቀው። አባት ከልጅ፣ ወንድም ከእህት በኪራይ ውሉ ላይ በሚሰፍረው ስም ተጣላ። በሱፍቃድም ናዝሬትን ከቤት ያባረራት ያ ቀይ ቀለም በተቀባ በሳምንቱ ነበር።

ሰባት ዓመት አብረው ኖረዋል። ድግስ አልተደገሰም፣ ፊርማ አልተፈረመም። እሱ ጋራዥ ላሜራ ይሠራል፣ እሷ ትሰፋለች። ሲገቡ የነበረው አንድ ክፍል ነው፤ ጓዳውን፣ ሲሚንቶውን፣ ኮርኒሱን ያመጣው መርፌዋ ነው። ዱላው ከሁለተኛው ዓመት ጀመረ። በመታት ቁጥር ሽማግሌ ይመጣል፣ ይቅር ተባባሉ ይባላል፣ እሷ የእሱን ጉልበት ትስማለች። እትዬ ታየች ያበጠ ዓይኗን ቀና አድርገው እያዩ «የእኔውስ አልመታኝም? ይኸው ቀብሬው ተቀምጫለሁ» ይሏት ነበር። ማጽናናታቸው ነው።

ሴቶችን በነፃ የምትረዳው ጠበቃ ግን ሌላ ነገር ነገረቻት። ሠርግ ባይኖርም፣ ወንድና ሴት እንደ ባልና ሚስት ከሦስት ዓመት በላይ አብረው ከኖሩና ሰዉም እንደ ባልና ሚስት ካወቃቸው፣ ያፈሩት የጋራ ነው። «የጎረቤት አፍ ነው የሚያስፈልግሽ» አለቻት። «አንድ ነገር ደግሞ ልንገርሽ። ያንን ደጅ ብቻሽን እንዳትረግጪ። ዕቃሽን እንኳ ስታወጪ ከፖሊስ ጋር ነው።» በሱፍቃድ ለክሱ የሰጠው መልስ አጭር ነበር። ከሳሽ በቤቴ ተቀጥራ ስታገለግል የኖረች ሠራተኛዬ እንጂ ሚስቴ አይደለችም፣ አለ።

ዛሬ ግን ብቻዋን አልነበረችም። በሦስት ሰው ታጅባ ነበር የምትሄደው፣ ስለዚህ የጠበቃዋ ቃል ትዝ እንኳ አላላትም። ትዝ የሚላት እናቷ ነበረች። ሁለት ፋሲካ ሳትጠይቃት አልፋለች። ፊቷ ሳይበልዝ የዋለበት በዓል አጥታ ነው።

ድንኳኑ በግቢው መሃል ተተክሏል። አሮጌው የእድር ሸራ ነው፣ ስንቱን ያየ። አግዳሚው ሁሉ ሞልቷል፤ የንፍሮው ድስት ጥግ ላይ ይንተከተካል። እትዬ ታየች ከበሩ ሲደርሱ እንደ ወጉ የመጀመሪያውን ጩኸት አወጡ፣ ድንኳኑ ተቀበላቸው፣ ናዝሬትም «እናቴ! እናቴ ሆይ! ሳላይሽ!» እያለች መሬት ላይ ተዘረረች። ሴቶቹ አነሷት። አለቀሱላት፣ ከልባቸው ነው ያለቀሱት። ሰባት ዓመት በግድግዳ በኩል ሲሰሟት ኖረው ማንኳኳት ያልቻሉት ሴቶች፣ ዛሬ ደረታቸውን እየመቱ አለቀሱላት።

በሱፍቃድ ጥቁር ኮት ለብሶ ከቤቱ ደጃፍ ቆሟል። ዓይኑ ቀልቷል፤ በምን እንዳቀላው እሱ ያውቃል።

«እድርተኞች» አለ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ጥቁር ልብሷ እዚህ ቤት ነው። አንዴ ገብታ ትቀይር።»

«ደግ አስበሃል፣ ልጄ» አሉት እትዬ ታየች፤ እነሱው ደግፈው አስገቧት። በሩ ከኋላዋ ተዘጋ። ቁልፉ ሁለቴ ዞረ።

ቤቱ እንዳለ ነው። አልጋው፣ ቡፌው፣ በዳንቴል ያለበሰችው የስፌት መኪናዋ፣ ከጎኑ የከሰል ካውያዋ።

«አታልቅሺ» አላት። ድምፁ ወዲያው ተለወጠ፤ የድንኳኑን ድምፅ ከኮቱ ጋር ያወለቀው ይመስል ነበር። «እናትሽ ደህና ናት።»

እንባዋ መሃል ላይ ቆመ። «ምን አልክ?»

«ደህና ናት አልኩሽ። ማንም አልሞተም። ሌላ ምን ብዬ ላምጣሽ? ሽማግሌ ብልክ አትመጪ፣ ዘመድ ብልክ አትመጪ።»

ደስ አላት። ቁልፉ በተቆለፈበት ክፍል፣ ከእሱ ጋር ብቻዋን ቆማ፣ ለአንዲት ቅጽበት ሁሉን ረስታ ደስ አላት። እማዬ አለች! ለዚያች ደስታ በኋላ ራሷን ይቅር ለማለት ብዙ ጊዜ ፈጀባት።

«ሐዘንተኛ እስከ ሠልስቱ ከቤት አይወጣም» አለ በሱፍቃድ። «ቀጠሮሽ ደግሞ ዛሬ ነው። መዝገቡ ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ ተሳስተን ነው እንላለን፣ ሰዉም እግዜር ይመስገን ብሎ ይበተናል። አየሽ፣ እኔም ሕግ ዐውቃለሁ።»

«እጮኻለሁ።»

«ጩኺ» አላት። «ለቅሶ ቤት ነው።»

ቀኝ እጇን ያዘና በስፌት መኪናው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። «በዚህ ነው አይደል የምትፈርሚብኝ? በዚህ ነው አይደል ቤቱን እኔ ሠራሁት የምትይው?» ካውያውን አነሣ። ከሰል አልነበረበትም፤ ብረቱ በቂ ነበር።

ጮኸች። የሰው ልጅ ሊጮኽ የሚችለውን ያህል ጮኸች። ከውጭ ድንኳኑ ጩኸቷን ተቀብሎ ወደ ላይ አነሣው። ሁለተኛው ሲወርድባት «በሱፍቃድ ገደለኝ! ድረሱልኝ!» አለች፤ ቃሉ ግን በሴቶቹ ድምፅ ውስጥ ሰጠመ። የእትዬ ታየች ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጥቶ ይሰማት ነበር። «አልቅሺ ልጄ! አልቅሺ፣ ይውጣልሽ!»

ሲጨርስ ነጠላዋን ራሱ አለበሳት፣ እጇን ከነጠላው ሥር ከተተው፣ ትከሻዋን አቅፎ አወጣት። ላየው ሰው አዛኝ ባል ነበር።

«አልሞተችም!» አለች ናዝሬት ድንኳኑ ውስጥ። «እናቴ አልሞተችም! ውሸቱን ነው!»

ሴቶቹ ተያዩ። «እንዲህ ያደርጋል፣ ሐዘን ነው» አለች አንዷ። «እኔም ስለ አባቴ አልሞተም ብዬ ነበር» አለች ሌላዋ። ናዝሬት ልትነሣ ስትታገል «ያዟት፣ ፊቷን እንዳትነጭ!» አሉ እትዬ ታየችና ራሳቸው ቀኝ እጇን ከነነጠላው ቀብ አደረጉት። በደንብ አድርገው ነው የያዟት፣ በፍቅር። ዓይኗ ጨለመ። ከዚያ በኋላ አልታገለችም። መንደሩ ዝም ስትል ተጽናናች ብሎ ንፍሮ ማደል ጀመረ።

ፀሐዩ ከሸራው በላይ ከፍ ብሎ ሳለ ኡሙልኸይር ገባች። ከተክለ ሃይማኖት ሮጣ ነው የመጣችው፤ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። እጇ ላይ ከሩቅ የሚጮኸው የቻይና ስልኳ አለ። ማንንም ሳትሳለም መሃል ድንኳኑ ላይ ቆመችና ስልኩን ከፍ አደረገችው።

«ይናገሩ፣ እማማ። ሁሉም ይሰማዎታል።»

«ሄሎ?» አለ ስልኩ። «ማነው ሞተ የምትሉት? እኔ ጎመን እየቀነጠስኩ ኢታና ሮጦ መጣ… ናዝሬት! ልጄ ምን ሆነች? ናዝሬት!»

አንድ ሽማግሌ አማተቡ። ንፍሮ የምታድለው ሴት ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። ከኋላ የሆነ ጎረምሳ ሳቁን መያዝ አቅቶት ወጣ።

«እንዴ! ተሳስተው ኖሯል!» አለ በሱፍቃድ፣ ፈጠን ብሎ። «ደውለው ነው የነገሩኝ እኮ። እግዜር ይመስገን! የምሥራች ነው፣ ይኼማ እልልታ ነው የሚገባው!»

መቶ አለቃ ዓባይነህ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እድሩ በቁም ያለ ሰው ቀበረ መባሉ እያሳሰባቸው ነበር። «እንግዲህ… ስህተት ያጋጥማል። ነገሩ በዚሁ ቢቀር…»

ኡሙልኸይር ከናዝሬት አጠገብ ተቀምጣ ነጠላውን ገለጥ አደረገች፤ እጇን አየች። ልትጮኽ አፏን ስትከፍት ናዝሬት በግራ እጇ ከለከለቻት።

«ዝም በይ» አለቻት በሹክሹክታ።

«አሁኑኑ ሐኪም ቤት!»

«መጀመሪያ ፍርድ ቤት። መታት ካልሽ ይቅር በዪው ብለው ያስታርቁኛል። እነዚህን ሰዎች ዐውቃቸዋለሁ።»

ዐውቃቸዋለሁ ያለችው እውነቷን ነበር። ሰባት ዓመት ጎረቤት ኖራ፣ ምን እንደሚያስቆጣቸውና ምን እንደማያስቆጣቸው አጥንታለች። ቀስ ብላ ቀና አለች።

«እትዬ ታየች» አለች፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ፣ «በሱፍቃድ ለፍርድ ቤት ምን ብሎ እንደመለሰ ያውቃሉ? ሠራተኛዬ ናት ነው ያለው። ዛሬ ደረትዎን የመቱት ለሠራተኛው እናት ነው። እሷም አልሞተችም።»

እትዬ ታየች ከአግዳሚው ተነሡ። ፊታቸው ላይ የእንባው መንገድ ገና አልደረቀም።

«ሠራተኛ?» አሉ። «ለሠራተኛ እናት ነው እኔን በሌሊት ያስነሣኸኝ? በጉልበቴ ተክለ ሃይማኖት ድረስ ያስኬድኸኝ? በቁም ላለች ሴት ሙሾ ያስወጣኸኝ? በእኔ እንባ ነው የተጫወትከው?»

«እትዬ፣ ይረጋጉ…»

«አልረጋጋም!» ስለ ናዝሬት ዓይን አንድ ቀን እንዲህ ጮኸው አያውቁም። «መቶ አለቃ፣ ተናገሩ እንጂ! እድሩ መጫወቻ ነው?»

መቶ አለቃው ባርኔጣቸውን አደረጉ። ነገሩ አሁን የእሳቸው ሆነ። «ነጋ» አሉ፣ «በጡሩንባ ምን ብለህ ጠራህ?»

«የአቶ በሱፍቃድ ባለቤት እናት ዐረፉ ብዬ ነው፣ ጌታዬ። እንዲያ በል ብሎኝ ነው።»

«ስማ፣ በሱፍቃድ። እድራችን ድንኳን የሚተክለው ለአባል፣ ለባለቤቱ፣ ለልጆቹና ለሁለቱም ወላጆች ነው። ለሠራተኛ እናት አይተክልም። ሚስትህ ካልሆነች እድሩን ሰርቀሃል፤ የሰረቀ ይሰረዛል። ስትሞት ከዚህ ሰው አንዱ ደጅህን አይረግጥም፣ ሬሳህን ውሻ ይጠብቀዋል። ሚስትህ ከሆነች ደግሞ ስህተት ነው እንላለን። የቱ ነው?»

በሱፍቃድ ዙሪያውን አየ። በዚያ መንደር እስር ቤትን የማይፈራ ብዙ ወንድ ነበር፤ ቀባሪ ማጣትን የማይፈራ ግን አልነበረም። ደግሞም ፀሐዩ ከፍ ብሏል፣ ቀጠሮው ያለፈ መስሎታል።

«ሚስቴ ናት» አለ። «ሰባት ዓመት ሙሉ ሚስቴ ናት። ማነው አይደለችም ያለው?»

«ተነሡ!» አሉ እትዬ ታየች ነጠላቸውን እያጣፉ። «ፍርድ ቤቱ እዚህ ነው። አንድም ሰው እንዳይቀር። አዋርዶኝ አይቀርም!»

ያን ዕለት በልደታ መንገድ ያለፈ ሰው፣ ጥቁር የለበሰ የለቅሶ ሰልፍ ሬሳ ሳይዝ ወደ ፍርድ ቤት ሲገባ አይቷል። የናዝሬት መዝገብ ገና አልተጠራም ነበር። ዳኛዋ ምስክሮቹን አንድ በአንድ ሰሙ። መቶ አለቃው የእድሩን ደንብ በቃላቸው ተናገሩ። ነጋ የጠራውን ጠራ፣ ድምፁን ቀንስ እስኪባል ድረስ። እትዬ ታየች «ሚስቱ ባትሆን እናቷን እናለቅስ ነበር?» አሉ፤ ስለ እንባቸው ብዙ ተናገሩ። ፍርድ እስኪሰጥ ቤቱም ዕቃውም ለሌላ እንዳይተላለፍ ታገደ። የእግዱን ግልባጭ ስትቀበል ጸሐፊዋ እስክሪብቶ ሰጠቻት፤ ናዝሬት ግራ አውራ ጣቷን ወደ ቀለሙ ዘረጋች።

«ጽሕፈት አትችይም?»

«እችላለሁ» አለች ናዝሬት።

ግቢው ውስጥ መንደሩ እየተሳለመ ተበተነ። ፊታቸው ላይ ሥራቸውን የጨረሱ ሰዎች እርካታ ነበር። እትዬ ታየች ናዝሬትን ወደ ጎን ሳብ አደረጓት።

«በይ እንግዲህ» አሉ፣ በእርቅ ቀን ድምፃቸው። «ሚስቱ መሆንሽን በመንግሥት ፊት መስክረንልሻል፣ ክብርሽ ተመልሷል። አሁን ወደ ቤትሽ ግቢ። ይኸው ባልሽ በር ላይ ቆሟል። መቶ አለቃ ተቆጥተውታል፤ ይቅርታ ይጠይቅሻል።»

በሱፍቃድ እውነትም በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ያላለበሳትን ጥቁር ቀሚስ አጣጥፎ በክንዱ ይዟል።

«እሺ፣ እትዬ» አለች ናዝሬት። «እጄን ይያዙኝና እንሂድ።»

እትዬ ታየች እጃቸውን ሰደዱ። ጠዋት በነጠላ ላይ የያዙትን እጅ አሁን በመዳፋቸው ነኩት። እንደ ቦካ ሊጥ ተነፍቶ ነበር፤ ጣቶቹ ሊታጠፉም ሊዘረጉም አይችሉም። ነጠላውን ገልጠው አዩ።

«ይኼ… ይኼ መቼ ነው?»

«ጠዋት ነው። ልብስ ልቀይር ስታስገቡኝ።»

«ታዲያ አትጮኺም ነበር?»

«ጮኼያለሁ» አለች ናዝሬት። «ተቀብለው ያለቀሱልኝ እርስዎ ነዎት።»

ኡሙልኸይር በሌላኛው በር ታክሲ አስቁማ ትጠራት ነበር። ናዝሬት ሄደች። እትዬ ታየች ከግቢው መሃል ቆሙ። በሩ ላይ በሱፍቃድ ሲጠራቸው አልዞሩም። ነጠላቸው አሁንም እንደተዘቀዘቀ ነበር። ሊያስተካክሉት እጃቸውን አነሡና ተዉት።